ዓይኗን ጨፈን ያደረገችበት ቅጽበት

ዴልማር ያንን ፊት የቆረጠው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሲኒማ ቤቱ ገና ባዶ ሳለ ነበር።

እሁድ የሚታየውን አሮጌ ድምፅ አልባ ፊልም በማሳያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ እያሽከረከረ፣ የተሰነጠቀ ቦታ እንዳለው በጣቶቹ ይፈትሽ ነበር። አምስተኛው ጥቅል ላይ ሲደርስ ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር የሚበራው አምፖል የአንዲት ሴት ፊት አሳየው። እጁን አቆመ። ሴትየዋ በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከታለች። ያው ፊት እላይ በላይ ተደርድሮ ይወርዳል፤ አንዱን ምስል ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል። አንድ ቦታ ላይ ግን የዓይኗ ቆቦች መውረድ ይጀምራሉ፣ ይገጥማሉ፣ መልሰው ይነሣሉ። በቃ፣ ስድስት ምስል ብቻ ነው።

ዴልማር ብዙ የተዋናዮች ፊት አይቷል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየም። የተኛች አትመስልም፤ የምታለቅስም አትመስልም። የተሸከመችውን ከባድ ነገር መሬት ልታስቀምጥ የተዘጋጀች ትመስላለች።

መቀሱን አነሣ።

በከተማው ፊልም አጫዋቾች ዘንድ ይህ እንደ ስርቆት አይቆጠርም። እያንዳንዳቸው የትምባሆ ቆርቆሮ አላቸው፤ ውስጡ ከሚያሳዩት ፊልም የቆረጧቸው ምስሎች አሉ። ምሳ ሰዓት ዶናት ቤት ሲገናኙ እያወጡ በመስኮቱ ብርሃን ይተያያሉ፣ ይለዋወጣሉ። ፊልም ከስቱዲዮ መጋዘን ይመጣል፤ ሰኞ ወደ ሳንዲዬጎ ወይም ወደ ፍሬዝኖ ይሄዳል፤ ሌላ ብዙ ቅጂ አለው። ሁለት ሦስት ምስል ቢጎድልበት ማንም አያውቅም። ዴልማርን ሥራውን ያስተማረው አጎቱ ከማሽኑ አያያዝ ጋር ይህንንም አብሮ አስተምሮታል። ስድስት ትንሽ በዛ ይላል። ቢሆንም ፊልሙ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ላይ የስቱዲዮው ማኅተም ስላለ፣ ዴልማር እንደ ሌላው ሁሉ ከመጋዘን የመጣ መስሎታል።

ቆረጠ፤ ጫፉን ፋቀ፤ ማጣበቂያ ቀባ፤ ተጭኖ ያዘ። ከዚያ መጋጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰው። ለስላሳ ነበር። በሥራው ኮራ።

በምሳ ሰዓት ለኦርቪል አሳየው። ኦርቪል ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ትልቁ ሲኒማ ቤት የሚሠራ ወፍራም ሰው ነው።

«ይቺ ማን ናት?»

«ዴልፊን ካሮው። ድሮ ታዋቂ ነበረች አሉ።»

«እኔ ያላወቅኳት ታዋቂ! ሁለቷን ስጠኝ፣ ዝሆን ላይ የቆመች ልጅ እሰጥሃለሁ።»

ዴልማር ሁለቱን ሰጥቶት ዝሆኑን ተቀብሎ ሄደ። ዝሆኑ ደስ አሰኝቶት ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞላ። ዴልማር ማሽኑን አሙቆ በትንሿ መስኮት ቁልቁል ሲያይ፣ ባለ ሲኒማ ቤቱ ሚስተር ሆርቫት መጋረጃው ፊት ቆሞ ያወራል። ሆርቫት በልጅነቱ ከሃንጋሪ የመጣበትን ቀን እንደ ልደት የሚያከብር፣ ሲደሰት እጁን የሚያርገበግብ ሰው ነው።

«ወዳጆቼ! ዛሬ የምታዩት 'የኅዳር ጀልባ' በዓለም ላይ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ዋናውም ሌሎቹ ቅጂዎችም የስቱዲዮው መጋዘን ሲቃጠል አብረው ነደዋል። ይቺን ያተረፏት ሚስ ካሮው ራሳቸው ናቸው። ከጋራዣቸው፣ ከብርቱካን ሣጥኖች ጀርባ! እነሆ፣ እዚህ ከእኛ ጋር ናቸው!»

ከፊት ረድፍ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ሽማግሌ ሴት ተነሥተው ጎንበስ አሉ። ሰው አጨበጨበ። ዴልማር ክንዱን ማሽኑ ላይ አስደግፎ ነበር፤ ሙቀቱ ሸሚዙን አልፎ እስኪያቃጥለው ድረስ አላነሣውም።

ፊልሙ ተጀመረ። ፒያኖ የምትመታው ሴት ከሥር ታጅባለች። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲትን የዓሣ አጥማጅ ሚስት ባሏ ጥሏት ከሌላ ጋር ይሄዳል፤ ልጇን ብቻዋን ቀብራ፣ መረብ እየጠገነች ትኖራለች። ከዓመታት በኋላ ባልየው በኅዳር ነፋስ በጀልባ ይመለሳል። ከደጅ ቆሞ ያያታል፤ እሷ በመስኮት ታየዋለች። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ይገባል፤ ያበቃል።

አምስተኛው ጥቅል ደረሰ። ፊቷ መጋረጃውን ሞላው። ሴትየዋ ታያለች፤ ታያለች፤ መጋጠሚያው አለፈ፤ ትንሽ እንደ መደንቀፍ ያለ ነገር ታየ፤ ሴትየዋ አሁንም ታያለች። ባልየው ባርኔጣውን አወለቀ። ቅዳሜ ዕለት ምስሎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ያልገባው ነገር ያን ጊዜ ገባው። ሰውዬው እንዲገባ የፈቀደችለት በዚያች ጨፈን በማድረጓ ነበር። አሁን ግን ሰውዬው የገባው ሳይፈቀድለት ነው።

መብራት ሲበራ ጭብጨባው ጣሪያ ነካ።

«ዴልማር! ና ውረድ፣ ምን ትደበቃለህ!» ሆርቫት ከታች ተጣራ።

መግቢያው ላይ፣ ከፈንድሻ ማሽኑ አጠገብ፣ ሰው ሚስ ካሮውን ከቦ ቆሟል። ቶቢን የሚባል ወጣት የጋዜጣ ጸሐፊ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ በፊታቸው ይወዛወዛል።

«አንዴ እንኳ ዓይንዎን አልጨፈኑም! የዛሬዎቹ ተዋናዮች ለማልቀስ ሽንኩርት ይፈልጋሉ። እርስዎ እኮ ሰውዬውን በዓይንዎ ብቻ ገደሉት!»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ባልየውን ነዋ! ይቅርታ የለም፣ ምንም የለም። ድንጋይ!»

«እኔ እንኳ ይቅር ያልኩት መስሎኝ ነበር» አሉ ሚስ ካሮው።

ቶቢን ቀልድ መስሎት ከትከት ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ይኸውላችሁ ያሳየው ልጅ» አለ ሆርቫት የዴልማርን ትከሻ ይዞ። «ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይጠፋበታል እንጂ እጁ ወርቅ ነው።»

ሚስ ካሮው ወደ እሱ ዞሩ። ዓይኖቻቸው ያው የመጋረጃው ዓይኖች ነበሩ፤ ዙሪያቸው ብቻ ነው ያረጀው።

«አንተ ከሁላችን ይልቅ ቀረብ ብለህ ነው የምታየው። እስቲ ንገረኝ፣ መስኮቱ ጋ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር?»

ሆርቫትም ቶቢንም ያዩታል፤ ፈንድሻ የምትሸጠው ልጅ ሳትቀር ታየዋለች። የዴልማር ጆሮ ጋለ።

«አልጨፈኑም፣ ሚስ ካሮው።»

«አልጨፈንኩም?»

«አልጨፈኑም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አሉና ጓንታቸውን ማድረግ ጀመሩ። አንደኛዋን ጓንት ሁለት ጊዜ በተሳሳተ እጅ ሞከሯት።

ማክሰኞ የቶቢን ጽሑፍ በጋዜጣ ወጣ። «ያልተከደነው ዓይን» ይላል ርዕሱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያላስታወሳቸው ሴት አሁን በሁሉም አፍ ገቡ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ፊልሙን ለማሳየት ጠየቀ። የፊልም ሙዚየም ደግሞ በአዲስ ፊልም ላይ ሊገለብጠው ፈለገ። ሆርቫት ጽሑፉን ቆርጦ ከቲኬት መሸጫው መስተዋት ላይ ለጥፎ በደስታ ይዘፍናል።

«ዓርብ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል» አለው ለዴልማር። «አሮጌው መሽተት ጀምሯል፤ የዚያ ዘመን ፊልም ሲያረጅ በራሱ እሳት ይይዛል፤ አንድ ቀን የሰው ቤት ያነዳል። ገልብጠው ሲጨርሱ ያቃጥሉታል። ከዚያ በኋላ ዴልፊን ካሮው ማለት ያቺ ግልባጭ ናት። ምን ሆነሃል? የተቀቀለ ጎመን መሰልክ እኮ።»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ፈገግ በል!»

ረቡዕ ጠዋት ሚስ ካሮው ብቻቸውን መጡ። ፊልሙን ከመወሰዱ በፊት አንዴ ማየት እፈልጋለሁ ብለው ነበር። ዴልማር አሳያቸው። ባዶው አዳራሽ መሐል አንዲት ነጭ ጭንቅላት ብቻ ትታያለች። ሲያልቅ ድምፃቸው ከታች መጣ።

«የመጨረሻውን ጥቅል ልትደግምልኝ ትችላለህ?»

ደገመላቸው። ከዚያ የሚንቋቋውን ደረጃ ቀስ ብለው ሲወጡ ሰማቸው። በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አረፉ። ዴልማር ብቸኛዋን ወንበር አቀረበላቸው።

«አልቀመጥም፤ ከተቀመጥኩ መነሣት ሥራ ነው። እንደ ሞኝ ታየኝ ይሆናል፤ አይደል? አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚያይ።»

«ኧረ አይደለም፣ ሚስ ካሮው።»

«ያን ቀን ዳይሬክተሩ ምንም አታድርጊ አለኝ። ዝም ብለሽ እዪው፣ የቀረውን ሙዚቃው ይጨርሰዋል አለኝ። እኔ ግን በልቤ አንዴ ብቻ እጨፍናለሁ አልኩ። ተቆጣጥሬ፣ ቀስ ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም። ሲያልቅ ካሜራ የያዘው ሰው ባርኔጣውን አነሣልኝ። ከዚያ ስቱዲዮው አዲስ ውል ሲሰጠኝ እምቢ አልኩ። ሰዉ እብድ አለኝ። እኔ ግን አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ቤቴ ብገባ አይቆጨኝም ብዬ ነበር።» ማሽኑን ዳሰሱት። «ጋራዡ ውስጥ ቢያቃጥለኝስ እያልኩ ስንት ክረምትና በጋ የጠበቅኩት ለዚያች ቅጽበት ነው። አየህ፣ ለካ ያሰብኩትን እንደ ሠራሁት ቆጥሬ ኖሬያለሁ። ለራሴ ዋሽቼ።»

ዴልማር አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። የትምባሆ ቆርቆሮው ራሱ ከክርናቸው አጠገብ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

«ሚስ ካሮው...»

«እሺ?»

«ደረጃው ይንሸራተታል። እጅዎን ልያዝ?»

«አመሰግናለሁ» አሉ።

ደግፎ አወረዳቸው። ክንዳቸው እንደ ወፍ ክንፍ ቀላል ነበር። ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ቀና ብለው «አትዘንልኝ፤ ሰዎቹ ድንጋይነቴን ወደውታል» አሉት። ታክሲው ከሄደ በኋላም ዴልማር እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። የሰረቃቸው ፊልም ብቻ አልነበረም። እውነተኛ ትዝታቸውን ውሸት አድርጎባቸዋል፤ ያውም ሲጠይቁት።

ወዲያው መንገዱን ተሻግሮ ኦርቪል ወዳለበት ማሳያ ክፍል ወጣ።

«ሁለቱን መልስልኝ።»

«እንዴት? ዝሆኑ ሞተብህ እንዴ?»

«ኦርቪል፣ እየቀለድኩ አይደለም። ያ ፊልም ሌላ ቅጂ የለውም።»

ኦርቪል ዶናቱን ማላመጥ አቆመ። «ሌላ ቅጂ የለውም ማለት?»

«የሴትየዋ የግል ነው። ዓርብ ይገለበጥና አሮጌው ይቃጠላል።»

«እና ማን ያውቃል? አንተ ካልተናገርክ እኔ አልናገር። ሁላችንም እንቆርጣለን፤ አጎትህም ይቆርጥ ነበር። ሂድና ሥራህን ሥራ፣ ቄስ አትሁንብኝ።»

«ጠይቀውኝ አልጨፈኑም አልኳቸው።»

ኦርቪል ዶናቱን አስቀመጠ። ከዚያ በወፍራም ጣቱ ግድግዳውን አመለከተ። አንደኛውን ምስል በሁለት መስተዋት መሐል በሙጫ አጣብቆ ከመብራቱ ፊት ሰቅሎት ነበር። ሙጫው ፊቷን በልቶ ቢጫ አድርጎታል። ሁለተኛውን ከኪሱ፣ ከቦርሳው ውስጥ አወጣና ሰጠው።

«ያኛው እንኳ አለቀለት። ይቅርታ ወንድሜ፣ እንዲያምርባት ብዬ ነው።»

ዴልማር ዝሆኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት አምስቱን ምስሎች በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ይዞ፣ ሚስ ካሮው ወደሚኖሩበት ኮረብታ ሄደ። ቤታቸው ትንሽ ነው፤ በረንዳው ላይ የሎሚ ዛፍ ጥላ ጥሎበታል። እሳቸው ራሳቸው በሩን ከፈቱ። እንዲቀመጥ ቢጠይቁትም እንደ ቆመ ቀረ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀውን ንግግር ረሳውና ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«ምንድን ነው?»

«ጨፍነው ነበር።»

ወረቀቱን ፈቱት። ከጠረጴዛው አጉሊ መነጽር አንሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ምስሎቹን በብርሃኑ ላይ ያዙ። ዴልማር የሚያየው ጀርባቸውን ብቻ ነበር። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ትከሻቸው መነቃነቅ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ፤ ግን እየሳቁ ነበር።

«አንቺ!» አሉ ለምስሏ። «አንቺ ጎበዝ! አድርገሽዋል እኮ!»

ዴልማር አብሮ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ሲዞሩ ግን ሳቁ ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«መቼ ቆረጥከው?»

«ቅዳሜ። የእርስዎ መሆኑን አላወቅኩም። ሌላ ቅጂ ያለ መስሎኝ... ሁላችንም እንቆርጣለን።»

«አውቃለሁ ትቆርጣላችሁ። ያኔም ትቆርጡ ነበር፤ ሳን ፍራንሲስኮ ደርሶ የተመለሰ ፊልማችን እግር የሌለው ሰው ይመስል ነበር። በመቁረጥህ ልቆጣህ አልችልም፤ ፊቴን ወደኸው ነው።» አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡ። «እሁድ ጠየቅኩህ እኮ።»

«አዎ።»

«ዓይንህን ዓይኔ ላይ ተክለህ አልጨፈኑም አልከኝ። ሁለት ጊዜ። ረቡዕም ያን ሁሉ ስለፈልፍልህ ሰማኸኝ፤ ሰምተህ ደረጃው ይንሸራተታል አልከኝ።»

ዴልማር ቁልቁል ባርኔጣውን አየ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«መልሰው» አሉ። «ዛሬ፣ እኔ እያየሁ።»

«ሚስ ካሮው፣ አንድ ችግር አለ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ምስል ይበላል። ጫፉ ካልተፋቀ አይጣበቅም። አንዱ ደግሞ ጓደኛዬ ዘንድ ተበላሽቷል። ብመልሰውም...»

«ብትመልሰውም?»

«እንደ ድሮው አይሆንም። ያጥራል።»

ኮታቸውን አንሥተው ነበር፤ እጅጌው ውስጥ አንድ እጃቸውን እንዳስገቡ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ሁለተኛውን አስገቡ። «ና እንሂድ» አሉ።

በማሳያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሚስ ካሮው የፊልሙን ጫፍ በነጭ ጓንታቸው ያዙለት። ዴልማር የቅዳሜውን ለስላሳ መጋጠሚያ ፈታው። ሲፍቅ አንዴ ቆሞ ምላጩን ጠረገ፤ እሳቸውም ጫፉን ሳይለቁ ጠበቁት። ሲጨርስ ከስድስቱ የተረፉት ሦስት ነበሩ። የቆቡ መውረድ መጀመሪያው የለም፤ የመነሣቱም መጨረሻ የለም። ዓይኑ ይገጥማል፣ ወዲያው ይከፈታል።

ዓርብ ጠዋት የሙዚየሙ ሰዎች ቆርቆሮዎቹን ጭነው ሄዱ።

አዲሱ ቅጂ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ ከደጅ ያለው ሰልፍ ጥጉን ዞሮ ነበር። ዴልማር በትንሿ መስኮት አየ። ፊቷ መጋረጃውን ሞላው። ታያለች፤ ታያለች፤ የሆነ ነገር ብልጭ አለና አለፈ። ባልየው ባርኔጣውን አወለቀ። አንዳንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ፤ ብዙው ምንም አላየም።

መግቢያው ላይ እንደ በፊቱ ሰው ሚስ ካሮውን ከበበ። ዴልማር ማንም ሳይጠራው ወርዶ ከፈንድሻው ማሽን አጠገብ ቆመ።

«ያው ድንቅ ነው» አለ ቶቢን። «ግን መስኮቱ ጋ ፊልሙ ተበላሽቷል። አያችሁት? ዝልል ይላል። ዓይኗ የተከደነ ያስመስለዋል።»

«ትክክል ነው፣ እኔም አይቻለሁ» አለ ሆርቫት። «ዴልማር፣ ነገ ያቺን ቦታ ቆርጠህ አስተካክላት። እንዲህ ያለ ነገር የሴትየዋን ስም ያጠፋል።»

ሚስ ካሮው ጓንታቸውን እያደረጉ ነበር። ምስሎቹ ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ ለዴልማር አንድም ቃል ተናግረውት አያውቁም። አሁን ቀና ብለው አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ሌላ ነገርም አልነበረባቸውም። ይጠብቃሉ፤ ያ ብቻ ነው።

«ያን እሁድ አንድ ነገር ጠይቄህ ነበር» አሉ። «አሁን ብጠይቅህስ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዴልማር ዞረ። ጆሮው ጋለ። ባርኔጣ ቢኖረው በእጁ ያሽከረክረው ነበር፤ ስላልነበረው እጆቹ ሥራ አጡ።

«ጨፍነዋል» አለ። ድምፁ ወጣለት። «መበላሸት አይደለም። ጨፍነዋል። ቆርጬ ወስጄባቸው ነበር። እሁድ ሲጠይቁኝም ዋሸኋቸው። ያልተከደነ ዓይን የሚባል ነገር የለም፣ ሚስተር ቶቢን፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ሚስተር ሆርቫት፣ ያቺን ቦታ አልቆርጣትም። ካባረሩኝም ለሚቀጥለው ሰው እንዳይቆርጣት ይንገሩት።»

የሆርቫት እጆች አየር ላይ ቆመው ቀሩ። ቶቢን እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ የሚጽፈው ግን አልመጣለትም። ፈንድሻው ውስጥ አንዲት ዘግይታ የፈነዳች ፍሬ ጠስ ስትል ተሰማች።

ሚስ ካሮው የጓንታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ወደ ዴልማር ሁለት እርምጃ ቀረቡና፣ ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ጠየቁት።

«ረጅም ነበር?»

ዴልማር ያቺን ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአምፖሉ ብርሃን በላይ፣ ቀስ ብሎ የሚወርደውንና ቀስ ብሎ የሚነሣውን ቆብ አሰበ። ሳይቆረጥ ያየው እዚያ ከቆሙት መሐል እሱ ብቻ ነበር።

«ከአሁኑ ይረዝም ነበር» አላቸው።